ነጭ ሽንኩርት በደብረ ሲና ጓሮ



ዛሬ ስለ አንድ ጓሮ እንነግራችኋለን። ያየነው በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ነው። ጓሮው ትንሽ ነው። ጥማድ በሬ አያዞርም። እኛ ግን ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ዋልን።

ጓሮው ያለው ከደብረ ሲና ከተማ በታች ነው። ደብረ ሲና ሰሜን ሸዋ ውስጥ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ገና ሳይነጋ ነው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ እጅ ያደነዝዝ ነበር። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው። ገብሱና ስንዴው ግማሹ ታጭዷል፤ ግማሹ ማጭድ ይጠብቃል። ቀጥሎ ጣርማ በር ይመጣል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ጉም አይጠፋውም። መንገዱ በተራራው ሆድ ውስጥ በዋሻ ያልፋል። ዋሻውን በወረራው ዘመን ያሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። ከዋሻው ስትወጡ ገደሉ ከፊታችሁ ይከፈታል። ሩቅ ታች ቆላው ይታያል። በገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ። መኪና ቢያልፍ ግድ የላቸውም።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። ደብረ ሲና ስትደርሱ መኪናው በደንብ ሳይቆም ቆሎ ሻጮች ይከቡታል። የደብረ ሲና ቆሎ ስሙ የታወቀ ነው። እኛም ገዛን። ከቆሎ ሻጮቹ አጠገብ አንዲት ልጅ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ይዛ ቆማለች። ራሱ ትልልቅ ነው። ነጭ ሆኖ ወደ ሐምራዊ ይወስደዋል።

«ይኼ ከየት የመጣ ነው?» አልናት።

«ከዚህ ከታች ነው። የአክስቴ ጓሮ ነው» አለችን።

መንገዱን አሳየችን። ግማሽ ሰዓት ያህል ቁልቁል ሄድን። አቋራጭ ነው ብለን በሰው ጓሮ ውስጥ አለፍን።

በአጥሩ በር ላይ አንዲት እናት ቆመው ጠበቁን። ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋል። እጅ ነሣን። እሳቸውም በደንብ ሰላም አሉን። ግቡ ግን አላሉንም።

«በየት መጣችሁ?» ሲሉ ጠየቁን።

«በጎረቤት ጓሮ አቋርጠን» አልን።

«እንግዲያው ጫማችሁን አራግፉ። አፈሩን በእንጨት ፋቁት። ከዚያ በውሃ ይታጠባል።»

ገረመን። በአገራችን የእንግዳ እግር የሚታጠበው ቤት ከገባ በኋላ ነው። እኚህ እናት ግን በር ላይ ጫማ አሳጠቡን። የልጅ ልጃቸው በጣሳ ውሃ አፈሰሰልን። እጣቢው ወደ ጓሮው እንዳይፈስ ከአጥሩ ውጭ ጉድጓድ ተቆፍሮለታል። ለምን እንደሆነ ጠየቅን። «ኋላ ትደርሱበታላችሁ» ብለው አስገቡን።

ግቢው ንጹሕ ነው። ጎመን አለ፤ ጌሾ አለ። ከቤቱ ጀርባ፣ በላይ በኩል፣ ጠጠር በበዛበት መሬት ላይ የነጭ ሽንኩርት መደብ አለ። በታች በኩል ደግሞ አንድ ጥግ አለ። አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ነው። ፍግ ሲጠጣ የኖረ መሬት ነው። እዚያ ላይ ያለው ባቄላ ነው።

«እማማ፣ ለምን ነጭ ሽንኩርቱን እዚያ ደጉ አፈር ላይ አልተከሉትም?» አልናቸው።

ዝም አሉ። «መጀመሪያ ሥራ እንሥራ» አሉን።

የመጣነው ለካ በነቀላ ቀን ነው። እሳቸው ነጭ ሽንኩርት የሚተክሉት ሰኔ ሚካኤል አልፎ ዝናቡ ሲረጋ ነው። የሚነቅሉት በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው። ቁጠሩት፤ 5 ወር ሊሞላው ትንሽ ይቀረዋል። በመስኖ ለሚተክል ሰው ወሩ ይለያል። ዕድሜው ግን ያው ከ4 እስከ 5 ወር ነው።

መድረሱ የሚታወቀው በቅጠሉ ነው። መጀመሪያ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆንና ይደርቃል። ቀጥሎ አንገቱ ይላላል። ቅጠሉ ጋደም ይላል። ግማሽ ያህሉ ቅጠል ሲደርቅ አንድ ሁለቱን ነቅሎ ማየት ነው። ራሱ ሞልቶ፣ ፍሬዎቹ በልጣጩ ላይ ጎላ ጎላ ብለው ከታዩ ደርሷል። ቀድሞ የተነቀለ ይጨማደዳል። የዘገየ ደግሞ መሬት ውስጥ እንዳለ ልጣጩ ይቀደድና ፍሬው ይበታተናል። እንዲህ ያለው ብዙ አይቀመጥም።

ከመካከላችን አንዱ ልርዳ ብሎ ቅጠሉን ይዞ ሳብ አደረገ። ቅጠሉ እጁ ላይ ቀረ። ራሱ መሬት ውስጥ ቀረ።

«ኧረ ተው ልጄ! በሬ ነው እንዴ የምትጎትተው?» አሉት።

ከዚያ አሳዩን። ከተክሉ ጥቂት ራቅ ብለው መቆፈሪያውን ሰኩ። አፈሩን ከሥር ፈነቀሉት። ነጭ ሽንኩርቱ ራሱ ተነሥቶ መጣ። አፈሩን በጣታቸው አራገፉ። ሁለት ራስ እርስ በርሱ አላጋጩም። ወደ ቅርጫቱም አይወረውሩትም፤ እንደ እንቁላል ያስቀምጡታል። የተመታ ነጭ ሽንኩርት ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ከወር በኋላ ከውስጥ ይበሰብሳል። መቆፈሪያ የነካው ለብቻው ተቀመጠ። እሱ የዚያው ሳምንት ወጥ ነው።

የተነቀለው ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ፀሐይ ያቃጥለዋል። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የእንጨት ቆጥ አለ። እዚያ ላይ ከነቅጠሉ ተደርድሮ ከ10 እስከ 15 ቀን ይቆያል። ነፋስ ያገኘዋል፤ ዝናብ አይነካውም። አንገቱ ሲደርቅ ይጎነጎንና ይሰቀላል።

ቀጥሎ መምረጥ ሆነ። ሦስት ቦታ አስቀመጥን፤ ለዘር፣ ለገበያ፣ ለወጥ። እኛ ትልልቁን ሁሉ ወደ ገበያው አደረግን። ገበያ ላይ የሚያምረው ትልቁ ነዋ! እሳቸው መጥተው አዩና ትልልቁን መልሰው ወደ ዘሩ አደረጉት።

ምክንያቱን ስሙ። ጤፍ ፍሬ አፍርቶ ይዘራል። ገብስም እንዲሁ። ነጭ ሽንኩርት ግን የሚዘራ ፍሬ አያፈራልንም። የሚተከለው ያው የምንበላው ፍሬ ነው። አንዱ ራስ ተፈልፍሎ እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ይተከላል። ስለዚህ ልጁ እናቱን ይመስላል። ከወፍራም ፍሬ ወፍራም ራስ ይወጣል። ትልቁን እየሸጠ ትንሹን የሚተክል ሰው ነጭ ሽንኩርቱ በየዓመቱ ያንስበታል። ኋላም «አፈሩ ደከመ» ይላል። ብዙ ቦታ ያየነው ይህን ነው። በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጡት ቢሾፍቱ ነጭ፣ ፀደይ 92 እና ኩሪፍቱ የሚባሉት ዘሮችም የሚራቡት በዚሁ በፍሬው ነው።

ስንት ራስ ለዘር ይቀመጥ? ከእኛ ጋር አስሉት። መደቡ 1 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ርዝመት ይኑረው። በመስመርና በመስመር መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። ስለዚህ 4 መስመር ይገባል። በአንድ መስመር ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ፍሬ ይተከላል። 5 ሜትር ላይ 50 ፍሬ ይሆናል። 4 ጊዜ 50፣ 200 ፍሬ ነው። ከአንድ ራስ 7 ደህና ፍሬ ቢገኝ፣ 30 ራስ ይበቃል ማለት ነው። ከ200 ራስ 30ው ለዘር፤ 170ው ለእናንተ።

ዘሩ እስከ መትከያው ቀን አይፈለፈልም። ተፈልፍሎ የቆየ ይደርቃል። ልጣጩም አይላጥም። ሹል ጫፉ ወደ ላይ፣ ሥር የሚያወጣው ጠፍጣፋው ወደ ታች ሆኖ ሁለት ጣት ያህል ይቀበራል። መደቡ ከፍ ያለ ይሁን። ውሃ የተኛበት ነጭ ሽንኩርት አይሆንም። ፍጉ በደንብ የበሰበሰ ይሁን። አረሙ በእጅ ይነቀል፤ ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ዶማ ይጎዳዋል።

ሥራው ሲያልቅ ቡና ተፈላ። ቆሎ ቀረበ። ባለ ጓሮዋ ያን ጊዜ ስለ ታችኛው ጥግ አጫወቱን።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ አገራችን ገባ። ታስታውሳላችሁ። ሰው ሁሉ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ፍለጋ ወጣ። ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ምግብ ነው። ኮሮናን ይከላከላል ለማለት ግን ማስረጃ እንደሌለ የዓለም ጤና ድርጅት ያኔውኑ ተናግሯል። ቢሆንም ዋጋው ሰማይ ነካ። አንድ ነጋዴ ቤታቸው ድረስ መጣ። የሚበላውን ገዛ። ቀና ብሎ የተሰቀለውን አየ።

«እሱ ዘር ነው አልኩት» አሉን። «በእጥፍ እገዛዋለሁ አለኝ። ቤቴ ያፈሳል። ቆርቆሮ ያስፈልገኝ ነበር። ሰጠሁት። የእናቴ ዘር ነበር እኮ! ከተዳርኩ ጀምሮ አቋርጬው አላውቅም።»

ሰኔ ሲመጣ ዘር የለም። ገበያ ወጥተው ከተከመረው ነጭ ሽንኩርት ገዙ። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ጎረቤቶቻቸውም ከዚያው ክምር ገዙ። እሳቸው ያን ጥቁር አፈር መርጠው ተከሉበት። ደህና በቀለ።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከመደቡ መካከል አንድ ቦታ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ።

«ቶሎ ደረሰ ብዬ ደስ አለኝ» አሉ። «እልል ልል ምን ቀረኝ!»

ስሕተቱ ይህ ነበር። የደረሰ ነጭ ሽንኩርት መደቡ ሁሉ አንድ ላይ ይበስላል። የታመመው ግን በአንድ ቦታ ይጀምርና እንደ ፈሰሰ ዘይት ዙሪያውን ይሰፋል። ጊዜውም ገና ነው። ባለ ጓሮዋ ሁለት ሳምንት ጠበቁ። ከዚያ አንዱን ቢይዙት ያለ ኃይል ተነቅሎ መጣ። ሥር የለውም። ሥሩ በነበረበት ቦታ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ ተጠምጥሟል። በሻጋታው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አሉ። ከጤፍ ፍሬ ያንሳሉ። ከተከሉት ውስጥ የተረፈው አንድ እፍኝ አይሞላም።

የግብርና ባለሙያ ጠርተው አሳዩ። ባለሙያው የነገራቸውን እኛም እንንገራችሁ። ይህ ሥርን የሚያበሰብስ የሻጋታ በሽታ ነው። ጥቁሮቹ ነጥቦች የሻጋታው ዘሮች ናቸው ልትሉ ትችላላችሁ። አፈር ውስጥ ተኝተው ከ20 ዓመት በላይ ይቆያሉ። ስንዴ ብትዘሩ አይነቁም። ባቄላ ብትዘሩ አይነቁም። ነጭ ሽንኩርት ወይም ቀይ ሽንኩርት ስትተክሉ ግን የሥሩ ሽታ ይደርሳቸዋል። ያን ጊዜ ይነቃሉ። ሽታውን ተከትለው ሥሩን ይይዛሉ። ቀዝቃዛ አፈር ይስማማቸዋል። ስለዚህ ይበልጥ የሚያስቸግሩት ደጋውን ነው። ከደብረ ሲና ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1300 ሜትር ነው፤ እንዲህ ባለ ሞቃት አፈር ውስጥ በሽታው አቅም ያጣል።

ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄዱት እንዴት ነው? በታመመ ዘር ይሄዳሉ። በጎርፍ ይሄዳሉ። ዶማ ላይ በተጣበቀ አፈር ይሄዳሉ። በከብት ኮቴ ይሄዳሉ። በጫማም ይሄዳሉ።

ጫማችንን አየን። ምንም አላልንም።

ባለ ጓሮዋ ያን ዓመት ታመው የቆሙትን ሁሉ ከነሥራቸው ካለው አፈር ጋር በጆንያ አወጡ። ከብት አላበሉትም። ፍግ ጉድጓድ ውስጥም አልጣሉትም፤ ፍጉ ተመልሶ ጓሮ ይገባልና። አድርቀው በኅዳር 12 ቀን አቃጠሉት። በዚያ ቀን በአገራችን በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን የምንለው ነው። ልማዱን ሰዎች በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ያያይዙታል። አፈር ውስጥ የቀረውን ግን እሳት አይደርስበትም። ለታችኛው ጥግ የተለየ ዶማ አላቸው። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ያ ዶማ ወደ ላይ አይወጣም።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. እህታቸው ከሩቅ ቀበሌ 40 ራስ ሰጠቻቸው። የእናታቸው ዘር ከእሷ ዘንድ ተርፎ ኖሯል። ከቤቱ ጀርባ፣ ጎርፍ ከታችኛው ጥግ በማይደርስበት፣ ሽንኩርት ተተክሎበት በማያውቅ መሬት ተከሉት። ዳነ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነቅለው ቆጥ ላይ እንዳለ ጦርነቱ ደብረ ሲና ደረሰ። ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። እሳቸው የልጅ ልጃቸውን በአንድ እጅ ያዙ። ከቆጡ ላይ የሚችሉትን ያህል በነጠላቸው ቋጠሩ። ሲመለሱ ቆጡ ባዶ ነበር። እኛ የነቀልነው በነጠላ ከተቋጠረው የመጣ ነው።

ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው አልተለወጠም። ቡናውን ቀዱልን።

ከዚያ ደብተር አመጡ። ፊደላቸው ትልልቅ ነው፤ መስመሩን አልፎ ይሄዳል። ግን ይነበባል። አንዱ ገጽ ላይ የጓሮው ሥዕል አለ። በታችኛው ጥግ ላይ እንዲህ ተጽፏል፤ «በ2013 እዚህ ታመመ። እስከ 2033 ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት አይተከልም። ከዚያም በኋላ ትንሽ ተክሎ መሞከር።» ሌላ ገጽ ላይ በየዓመቱ ምን እንደተተከለ አለ። 2014 ገብስ። 2015 ባቄላ።

«2033 እኔ ላልኖር እችላለሁ» አሉ። ወደ ልጁ አመለከቱ። «ይኼ ያነበዋል። አፍ ይረሳል። አፈሩ አይረሳም።»

በነገራችን ላይ ከነቀልነው ውስጥ በጥቂቱ ቅጠል ላይ ብርቱካንማ ዱቄት የመሰለ ነገር አየን። ደንግጠን ጠየቅን። እሱ ዋግ ነው። ዋግ ቅጠሉን ያደርቃል፤ ራሱን ያሳንሳል። ሥሩን ግን አያበሰብስም። ስለዚህ የተጠራጠረ ሰው ቅጠል ብቻ አይቶ አይፍረድ። ይንቀልና ሥሩን ይይ።

ልንሄድ ስንነሣ 5 ራስ ሰጡን። ለጓሮአችን ዘር አገኘን ብለን ደስ አለን።

«ለወጥ ነው» አሉ ወዲያው። «ለዘር አይሆንም። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የነቀልኩት። ደህና ይመስላል። የ2016ን ኅዳርም ልየው። ያን ጊዜ ንጹሕ ከሆነ ለማንም እሰጣለሁ። ጎረቤቴም ጠይቃኝ ቆይ ብያታለሁ። ስስት መስሏት ቡና መምጣት ትታለች።»

ስንመለስ በዚያው በጎረቤት ጓሮ አለፍን። ወጣቷ ጎረቤት ጎመን ትቀነጥስ ነበር። እጃችን ላይ ያለውን ነጭ ሽንኩርት አየች።

«ለዘር ሰጠቻችሁ?» አለች።

«የለም፤ ለወጥ ነው። ለእኛም ለዘር ከለከሉን» አልናት።

አንዱን ራስ ከእጃችን ወሰደች። ገልብጣ ሥሩን አየች። በአውራ ጣቷ አፈሩን ጠረገች። እንደገና አየች።

«ጥቁር ነገር የለውም» አለችና መለሰችልን።

ወደ ከተማ ስንወጣ ፀሐይዋ ወደ ጣርማ በር ዘንበል ብላ ነበር።